ጥብስ ዱባ በሰፋሪ ቤተሰብ ማዕድ
በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠሩ የእርዳታና የማቋቋም ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

በድርቅም ሆነ በግጭት ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እህል፣ ንጹሕ ውሃ፣ መጠለያና ሕክምና መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የጭንቁ ወራት ካለፉና ቤተሰቡ በአንድ ስፍራ ጎጆ ከቀለሰ በኋላ ሌላ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በየወሩ የሚሰፈረው እህልና ጥራጥሬ ረኀብን ያስታግሳል፤ ለዓይን ብርሃንና በሽታን ለመቋቋም የሚረዱት ንጥረ ነገሮች ግን ከየት ይገኛሉ? ቤተሰቡስ በእጁ ሠርቶ፣ ልጆቹን ደስ አሰኝቶ የሚያቀርበው ማዕድ የሚኖረው መቼ ነው?

የዚህ ትምህርት ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ አነስተኛ፣ ነገር ግን በተግባር ሊውል የሚችል መልስ ማሳየት ነው። መልሱም በደጃፍ የሚበቅለውን ዱባ በእንጀራ ምጣድ ላይ ጠብሶ ከዋናው ምግብ ጋር እንደ ጣፋጭ ማባያ ማቅረብ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም የአሠራሩን ምክንያት ያልተረዳ ሠራተኛ ለሌሎች ሊያስረዳው ስለማይችል፣ ከዚህ በታች የዱባው ጠባይ፣ የምግብነቱ ጥቅም፣ የአጠባበሱ ስልትና የማስተማሪያው መንገድ በየተራ ይቀርባሉ።

1. የሦስቱ ከተሞች ሁኔታ

ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር በጎጃም መንገድ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም በዚያው ሥር ተጠቃልለዋል። ሁሉም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ ደጋማ ስፍራዎች ሲሆኑ፣ በተለይ የሱሉልታ ሜዳ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በውርጭ ይታወቃል።

እነዚህ ከተሞች ከሰፈራ ጉዳይ ጋር የተያያዙበት የቅርብ ጊዜ ታሪክ አላቸው። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ከሶማሌ ክልል የወጡ የኦሮሞ ተወላጅ ቤተሰቦች ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ የመጡት ከሞቃት ቆላ ነው። ወደ ብርዳማው ደጋ ሲመጡ የለመዱት እህል፣ የለመዱት ማገዶ፣ የለመዱት የዘር ወቅት ሁሉ ተለውጦባቸዋል።

ይህ ዓይነቱ ለውጥ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኀብ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም የተጓጓዙት ሰፋሪዎች ቁጥራቸው 600,000 ገደማ ነበር። ያ ሰፈራ ጥድፊያና አስገዳጅነት የታየበት በመሆኑ ብዙ ወቀሳ የደረሰበት ሲሆን፣ ከትምህርቶቹ አንዱ የምግብ ጉዳይ ነው። ጤፍና ገብስ ለምዶ የኖረ ደገኛ በቆሎና ማሽላ ብቻ ሲቀርብለት ሆዱ ቢሞላም ማዕዱ ባዕድ ይሆንበታል። በ2010 ዓ.ም. የታየው ጉዞ ደግሞ የዚያ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቆላው ወደ ደጋ መጣ። ስለሆነም በሁለቱም ወገን የሚታወቅ፣ ቆላውንም ደጋውንም የማያስከፋ ምግብ መፈለግ ብልህነት ነው። ዱባ ከእነዚህ አንዱ ነው። በአማርኛ ዱባ፣ በኦሮምኛ ቡቄ እየተባለ ከብዙ ጓሮ የማይጠፋ ተክል በመሆኑ፣ ሠራተኛው እንደ አዲስ ነገር ይዞት የሚመጣ ሳይሆን ሕዝቡ የሚያውቀውን የሚያጎለብት ነው።

2. የዱባ ጠባይና የምግብነቱ ልክ

ዱባ በመጀመሪያ የተላመደው በአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ተቀረው ዓለም ከተሠራጨ ወዲህ በአገራችን ሥር ሰዶ የጓሮ ተክል ሆኗል። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ እየቅል» እንደሚባለው፣ በሐረጉና በቅጠሉ ከቅል ጋር ቢመሳሰልም ወገኑ ሌላ ነው። ቅል ደርቆ ዕቃ ይሆናል፤ ዱባ ግን ሥጋውም ፍሬውም ለምግብ ይውላል።

ሠራተኛው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው የዱባን ወሰን ነው። የዱባ ሥጋ ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው ውሃ ነው። ከ100 ግራም ጥሬ ዱባ የሚገኘው ኃይል 26 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ለአንድ ተረጂ በቀን እንዲደርስ የሚታቀደው ኃይል ደግሞ 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። እንግዲህ ዱባ እህልን ሊተካ አይችልም። የእህል ራሽን በዘገየበት ወር «ዱባ አለላችሁ» ብሎ መናገር ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

ጥቅሙ በሌላ በኩል ነው። ሥጋው ጥልቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የሆነ ዱባ ቤታ ካሮቲን የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል። ሰውነት ይህን ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጠዋል። መጠኑ እንደ ዱባው ዓይነት እጅግ ይለያያል፤ ቀለሙ በጠለቀ ቁጥር ንጥረ ነገሩም ይበዛል፤ ነጣ ያለው ግን ጥቂት ነው ያለው። በተለመደው የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ግራም ዘይት ይሰፈራል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የለም። ዘይቱ በቪታሚን ኤ የበለጸገ ሲሆን በመጠኑ ያግዛል፤ ነገር ግን ራሽን ሲሸጥ ወይም ሲጓደል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው።

የቪታሚን ኤ እጥረት የመጀመሪያ ምልክት ሕዝቡ ዳፍንት የሚለው ሕመም ነው። ሌሎች ልጆች ሲመሽ ገና በደጅ ሲጫወቱ፣ አንድ ልጅ ከግድግዳ ተጠግቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ቁራሹን በዓይኑ ሳይሆን በእጁ ዳብሶ ቢፈልግ፣ እናቱም «ምነው ፈዘዝክ» ብላ ብትቆጣው፣ ልጁ ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ዓይኑ በጭላንጭል ማየት አቅቶት ይሆናል። ሕመሙ በጊዜ ካልታከመ የዓይን ብሌን ይደርቃል፤ ይቆስላል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። ኩፍኝ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይፈጥናል። በሰበታ ለረጅም ዘመን ዓይነ ሥውራንን ሲያስተምር የኖረው ትምህርት ቤት ብርሃን ያጣ ሰው ተምሮ አገር እንደሚጠቅም በሚገባ አሳይቷል። ይሁንና በምግብ እጥረት የሚመጣው የዓይን መጥፋት አስቀድሞ ሊከላከሉት የሚቻል መሆኑን ማስታወስ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኃላፊነት ነው።

የዳፍንት ምልክት የታየበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሊላክ ይገባዋል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጣቸውን የቪታሚን ኤ እንክብልም ዱባ አይተካውም። ዱባ የሚረዳው በአንዱ እንክብልና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜ በማዕድ ለመደገፍ ነው።

3. ለምን መጥበስ?

በአብዛኛው ቤት ዱባ የሚዘጋጀው በወጥ ወይም በቅቅል መልክ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ሆኖም መጥበስ የሚመረጥባቸው አራት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ጣዕም ነው። ዱባ ሲቀቀል ውሃ ይጨምራል፤ ሲጠበስ ግን የራሱን ውሃ ይተነፍሳል። ውሃው በወጣ መጠን በውስጡ ያለው ስኳር ይጠረቃቀማል። ቀስ ብሎ በሚሞቅበት ጊዜ ከስታርቹ ከፊሉ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ጠርዙም ቡናማ ሲሆን የማርነት ጣዕም ይይዛል። ስለዚህ ስኳር መግዛት የማይችል ቤተሰብም ጣፋጭ ምግብ ሊያቀርብ ይችላል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ሰውነት ቤታ ካሮቲንን በሚገባ የሚወስደው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው። ባዶውን የተቀቀለ ዱባ ከሚመገብ ልጅ ይልቅ ጥቂት ዘይት የነካውን የሚበላ ልጅ የበለጠ ይጠቀማል።

ሦስተኛው የደጋው ከፍታ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል፤ በእነዚህ ከተሞች ከፍታ ግን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቆላ የመጣች እናት ቅቅሉ ለምን እንደዘገየባት የማትረዳው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በምጣድ ላይ የሚጠበስ ነገር ግን በፈላ ውሃ ሙቀት አይወሰንም።

አራተኛው ማገዶ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ለዘመናት የታዩት ማገዶ ውድ በመሆኑ ነው። እንጀራ ወይም ቂጣ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ የሸክላ ምጣድ ለረጅም ጊዜ ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ከሥሩም ፍም አለ። ይህ ሙቀት እንዲሁ ሲባክን የሚኖር ነው። ጥብስ ዱባ በዚህ ትራፊ ሙቀት የሚሠራ በመሆኑ አዲስ እሳት ማንደድ አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

4. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ለ6 ሰዎች ቤተሰብ የሚያስፈልገው፦ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን የበሰለ ዱባ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጥቂት ጨው፤ ከተገኘም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቆንጥር ቀረፋ ወይም የተፈጨ ኮረሪማ። ከራሽኑ ለአንድ ሰው በቀን 15 ግራም ዘይት ስለሚደርሰው፣ የ6 ሰዎች የቀን ድርሻ 90 ግራም ነው። ለጥብሱ የሚውለው ከዚህ ግማሽ ያህሉ ስለሆነ ከቤተሰቡ ራሽን ውጪ የሚገዛ ዘይት አያስፈልግም።

ሀ) ዱባው ከመከፈሉ በፊት ቅርፊቱ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ሳይታጠብ ቢቆረጥ የቅርፊቱ አፈር በቢላዋው አማካይነት ወደ ውስጥ ይገባል።

ለ) ዱባው ለሁለት ተከፍሎ ፍሬውና ክሩ በማንኪያ ይወጣል። ፍሬው አይጣልም፤ ታጥቦ ይሰጣል፣ ደርቆም ይቆላል። የዱባ ፍሬ ከሥጋው በተለየ በቅባትና በፕሮቲን የበለጸገ ነው።

ሐ) ከሥጋው ትንሽ ተቆርጦ በጥሬው ይቀመሳል። መራራ ከሆነ ዱባው በሙሉ ይጣላል፤ ፍሬውም ለዘር አይቀመጥም። መራራነቱ የመርዛማ ንጥረ ነገር ምልክት ሲሆን በማብሰል አይጠፋም።

መ) ሥጋው ከነቅርፊቱ በጣት ውፍረት ይቆራረጣል። ቅርፊቱ ቁራጩ እንዳይፈራርስ ይይዘዋል፤ ከበሰለ በኋላ በቀላሉ ይላቀቃል።

ሠ) ቁራጮቹ በዘይትና በጨው ይታሻሉ። ቀረፋ ወይም ኮረሪማ ካለ በዚህ ጊዜ ይጨመራል።

ረ) የመጨረሻው እንጀራ እንደ ወጣ ምጣዱ ይታሰሳል፤ ቁራጮቹ ሳይደራረቡ ይደረደራሉ፤ በአክንባሎ ይከደናሉ። ከምጣዱ ሥር ነበልባል መኖር የለበትም፤ ፍሙን ዙሪያውን መበተን ይበቃል።

ሰ) ከ15 ደቂቃ በኋላ ይገለበጣሉ፤ ተከድነው እንደገና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያሉ። ቢላዋ ያለ ችግር ሲገባና ጠርዙ ቡናማ ሲሆን በስሏል። የከሰለ ክፍል ካለ ተቆርጦ ይጣላል።

ሸ) ማር የሚጨመረው ከምጣዱ ከወጣ በኋላ ነው። በምጣዱ ላይ ከተጨመረ ቶሎ ያርራል፤ ምጣዱንም ያበላሻል።

ምጣድ የሌለው ቤተሰብ በረመጥ መጥበስ ይችላል። መካከለኛ ዱባ አናቱ እንደ ክዳን ተቆርጦ ውስጡ ይጸዳል፤ ጥቂት ዘይትና ጨው ተጨምሮበት ክዳኑ ይመለሳል፤ ከዚያም በረመጥ ተሸፍኖ እስኪለሰልስ 1 ሰዓት ያህል ይቆያል። ክዳኑ ሳይከፈት ሙሉውን መቅበር በእንፋሎት ግፊት ሊፈነዳ ስለሚችል አይመከርም። በምርት ምድጃ የሚጋግር ቤተሰብ ደግሞ ማገዶው ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እስከ ግማሽ ስለሚቀንስለት፣ የሚተርፈው ፍም እንዳያንስ እሳቱን ወዲያው ከማውጣት መቆጠብ አለበት።

ጥብስ ዱባ ከቂጣ፣ ከእንጀራ፣ ከንፍሮ ወይም ከገንፎ ጋር ይቀርባል። በዘይት ስለሚሠራ በጾም ይበላል፤ በተለይም የክረምቱ ዱባ ደርሶ በሚከማችበት ወቅት ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት ስለሚውል ከጊዜው ጋር ይስማማል። በረመዳን ለሚያፈጥር ቤተሰብም ጣፋጭነቱ ተስማሚ ነው።

5. ለሕፃናት የሚደረግ ጥንቃቄ

6 ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ቅርፊቱ የተላጠ ጥብስ ዱባ በንጹሕ ማንኪያ ተፈጭቶ ከገንፎ ጋር ይሰጠዋል። የጨው መጠን መቀነስ አለበት። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መንገድ አይሰጥም፤ በሕፃናት አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመርት ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላልና። ሙሉ የዱባ ፍሬም ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ስለሚችል ተፈጭቶ ብቻ ይሰጣል። የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን የሚታከመው በጤና ጣቢያ በሚሰጠው ልዩ ምግብ እንጂ በዱባ አይደለም።

6. በጠባብ ግቢ ማልማትና ማቆየት

የሰፋሪ ቤተሰብ ግቢ ጠባብ ነው። ዱባ ግን ሐረጉ በአጥር፣ በቆጥና በጣራ ላይ ስለሚሄድ የሚጠይቀው መሬት አንድ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ክንድ ያህል ጎንና ጥልቀት ኖሮት በበሰበሰ ፍግና አመድ በተቀላቀለ አፈር ይሞላል። ዘሩ ዝናቡ ሲጀምር 3 ወይም 4 ፍሬ ይዘራል፤ ሲበቅል ጠንካሮቹ 2 ብቻ ይቀራሉ።

ሁለት ነገሮች በተለይ ለደጋው ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ውርጭ ነው። ዱባ ውርጭን አይችልም፤ በመሆኑም በሱሉልታ ዘግይቶ የተዘራ ዱባ ሳይበስል ሊመታ ይችላል። ጉድጓዱን በቤቱ ግድግዳ ጥግ ማድረግ ሌሊት የግድግዳውን ሙቀት ያስገኝለታል። ሁለተኛው አበባ ነው። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ንቦች በብርድና በዝናብ ምክንያት ካልወጡ ሴቴው ሳያፈራ ይረግፋል። በማለዳ የወንዴውን አበባ ቀጥፎ በሥሩ ትንሽ ፍሬ ባላት ሴቴ አበባ ውስጥ መንካት ይህን ችግር ያቃልላል።

ዱባው የሚቆረጠው ቅርፊቱ በጥፍር ሲጫን የማይበሳ ሲሆን ነው። ከሐረጉ ጋር የተያያዘበት እጀታ ጣት ያህል ርዝመት ይቀርለታል፤ እጀታው የተነቀለ ዱባ ከዚያው ይበሰብሳል። ለ10 ቀን ያህል በደረቅና ፀሓይ ባለበት ስፍራ ከቆየ በኋላ፣ አየር በሚያገኝ ቆጥ ላይ ሳይነካካ ይደረደራል። በዚህ ዓይነት የተቀመጠ ዱባ ለ2 እና ለ3 ወራት ይቆያል፤ በቆይታውም ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ የበለጠ ይጣፍጣል። የተቆረሰ ዱባ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መበላት አለበት።

7. ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ

ሠራተኛው ወደ ሰፋሪዎች መንደር ሲሄድ ቀድሞ መናገር ሳይሆን ቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። «እናንተ ዱባን እንዴት ነው የምትሠሩት?» የሚለው ጥያቄ በሩን ይከፍታል። እናቶች የየራሳቸውን አሠራር ካሳዩ በኋላ ሠራተኛው የምጣዱን አሠራር ይጨምራል። ትምህርቱ ቤት ውስጥ፣ እንጀራ ወይም ቂጣ በሚጋገርበት ሰዓት፣ በባለቤትዋ ምጣድና በቤተሰቡ ዘይት እንዲሰጥ ያስፈልጋል። በተለየ ዕቃና በተለየ ዘይት የተሠራ ምግብ ሠራተኛው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

በብዙ ሰው ዘንድ ዱባ የችግር ቀን ምግብ ተደርጎ ይታያል። ይህን ስሜት ማቃለል ተገቢ አይደለም። ቀደም ሲል ከብቶችና እርሻ የነበረው አባወራ በባዕድ ከተማ ዱባ ሲቀርብለት ያጣውን ሁሉ ሊያስታውስ ይችላል። ስለዚህ ምግቡ «ለተፈናቃይ የሚሆን» ተብሎ መቅረብ የለበትም። ሠራተኛው ራሱ ከማዕዱ ቢቆርስ፣ ነባር ጎረቤቶችም ቢጋበዙና ቡና ቢፈላ፣ ጥብስ ዱባ የሁሉም ምግብ ይሆናል። ዘርም ከነባሩ ወደ አዲሱ ጎረቤት የሚተላለፈው በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ለሠራተኞች የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተመደባችሁበት መንደር የራሽን ዘይት በወሩ በስንተኛው ቀን ያልቃል? ለምን?
2. ሲመሽ ማየት የሚያዳግታቸው ልጆች መኖራቸውን እናቶችን በምን ዓይነት አነጋገር ትጠይቃላችሁ?
3. በአካባቢያችሁ ገበያ የሚሸጠው ዱባ ሥጋው ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጥልቅ ብርቱካናማውን ዘር ማን ያቆያል?
4. የእህል ራሽን ሲዘገይ ስለ ጓሮ አትክልት ማስተማር ምን ዓይነት ስሜት ያሳድራል?

መደምደሚያ

ከላይ እንደተገለጸው ጥብስ ዱባ ድርቅን አያስቆምም፤ ግጭትንም አያበርድም፤ የእህል ራሽንንም አይተካም። የሚሰጠው ጥቅም የተወሰነ ቢሆንም እውነተኛ ነው። በሚባክን ሙቀት፣ በተሰፈረ ዘይት፣ በአንድ ጉድጓድ አፈር ለልጆች ዓይን የሚረዳ ምግብ ይገኛል። ከዚህም ጋር ለብዙ ወራት የተሰጣትን ብቻ ስታበስል የቆየች እናት ራስዋ ያበቀለችውን፣ ራስዋ ያጣፈጠችውን ለቤተሰብዋና ለጎረቤትዋ ታቀርባለች። የማቋቋም ሥራ ፍጻሜው ተረጂው እንግዳ መቀበል ሲጀምር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚሠሩ ባልደረቦችም የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት ዘሩን ለማሰባሰብና ጉድጓዱን ለማስቆፈር ቢነሣሡ፣ ከመስከረም በኋላ ውጤቱን በማዕድ ላይ ያዩታል።